ክብርት ሊቀመንበር ያሳለፉት ውሻ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ የኒውዮርክ ሕንፃ ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፤ የሚያንኳኳ የማሞቂያ ቧንቧ፣ የሚያጉረመርም ሊፍትና ቤት ገዢ የሚያባርሩ አንዲት ወይዘሮ። ቧንቧው ይጠገናል፤ ሊፍቱም አንዳንዴ ይታረቃል። ወይዘሮዋ ግን የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው።

የእኛዋ፣ የኩዊንስ ሰፈሯ፣ ክብርት ወይዘሮ ሮዛሊንድ ፊንክልማን ይባላሉ። በማኅበር ቤት ገንዘብ መያዝ ብቻውን አያስገባም፤ ገዢው ሊቀመንበሯ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ከወደቀም ለምን እንደወደቀ አይነገረውም። እኔ ደግሞ ቺካጎ ሥራ አግኝቼ፣ የሟች እናቴን አፓርታማ እስከ ጸደይ ሸጬ መሄድ ነበረብኝ። የእናቴንና የክብርትነታቸውን መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው።

ደላላው እሁድ እሁድ ቤቱን ለጎብኚ ሲከፍት ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው፤ እንደ ገዢ ኮፍያቸውን ደፍተው።

"እኔ ምንም አላልኩም" ይላሉ፣ "ግን ይሄ ቧንቧ ጎህ ሲቀድ እንደ አንጥረኛ ይቀጠቅጣል።" ለሙሽሮች ደግሞ፣ "እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን በዚህ ቁም ሣጥን ጥበት የተፋቱ ሰዎች አውቃለሁ።"

እንዲህም ሆኖ አንድ የጥርስ ሐኪም ከነውሻው ለጥያቄ በቃ። እኛ ዘንድ ውሻም ይጠየቃል። ውሻው ክብርትነታቸው እግር ሥር ጋደም ብሎ አክብሮቱን ገለጠ። ሐኪሙ ግን ደላላ ሁሉ አስቀድሞ የሚከለክለውን ስሕተት ሠራ፤ እሱ ራሱ ጠየቀ። "የመግቢያው አዳራሽ መቼ ነው የሚታደሰው?"

በማግስቱ ክብርትነታቸውን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

"እንዴት ሆነ?"

"ውሻው አልፏል።"

"ሰውየውስ?"

"ውሻው ብቻውን የሚኖር ከሆነ ዛሬውኑ ይግባ።"

ደሜ ፈላ። "ወይዘሮ ሮዛሊንድ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛ ገዢ ነው! ንጉሥ ነው እንዴ የሚፈልጉት?"

"አትጩህብኝ፣ ሊዮ። እናትህ የወደቀች ለት የሰማኋት በዚያ ግድግዳ በኩል ነው። እኔስ ስወድቅ ማን ይስማኝ? ያ ሰውዬ እያናገርኩት ስልኩን ያያል።"

ወርጄ ደላላው ሌላ ገዢ እንዲፈልግ ደወልኩለት።

ቀጥላ የመጣችው ማሪሶል የምትባል ነርስ ነበረች።

"እንቅልፍሽ እንዴት ነው?" አሏት ክብርትነታቸው።

"አይጣል ነው! ድመት በኮሪደር ስታልፍ እነቃለሁ።"

ደላላው ነገሩ አበቃለት ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ክብርትነታቸው ተነሥተው ነርሷን አቅፈዋታል።

ቤቱ ተሸጠና ቺካጎ አዲሱ አፓርታማዬ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ገባሁ። ለካ ይሄም ቅር ያሰኛል። ባለፈው እሁድ ግድግዳ የምጋራውን ጎረቤቴን አንኳኩቼ፣ "እንቅልፍዎ እንዴት ነው?" አልኩት።

የበሩን ሰንሰለት ሳይፈታ በአንድ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ፍራሽ አንገዛም!" ብሎ ዘጋው።