የመጨረሻው ስም

በዚያች ከተማ ስታዲየም ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ስም ይጠራል። ጋሽ ልሳኑ በድምፅ ማጉያው የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ያሰማል፤ ሕዝቡም ለእያንዳንዱ ያጨበጭባል። በመጨረሻ የክለቡ ፕሬዚዳንት ስም ይጠራል። ለእርሳቸው የሚጨበጨበው ከሁሉም መብለጥ እንዳለበት የጻፈ የለም፤ የማያውቅም የለም።

ከአጥቂው ከአንዳርጌ በፊት ሰባት ቁጥርን የለበሱ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሁለቱም እጅግ ተወደዱ። አንዱ ለሕክምና ተላከ ተባለ፤ ሌላው የተሻለ ክለብ አገኘ ተባለ። ሕክምናውም ክለቡም የት እንደሆነ የጠየቀ አልተገኘም። ማልያው ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለአንዳርጌ ተሰጠው።

ጎል ማግባት ሲጀምር ለእርሱ የሚጨበጨበው ከባልንጀሮቹ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ባልንጀሮቹ በመልበሻ ክፍል ራቅ ብለውት መቀመጥ ያዙ። በረኛው መኩሪያው ብቻ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ "ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ተወደድ" አለው። "እኔን አታይም? በልክ እየተጨበጨበልኝ ሸበትኩ።"

አንዳርጌ በቀጣዩ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ሆን ብሎ ወደ ሰማይ ሰደደ። ሕዝቡ "አይዞህ የኛ ልጅ!" እያለ ከጎሎቹ ይልቅ ለስህተቱ አብዝቶ አጨበጨበ። ክቡር ትሪቡን ላይ የተቀመጡት ፕሬዚዳንት ፈገግ ብለው አዩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እህል አልወርድ አለው።

የደጋፊዎቹን ጭፈራ ወደምትመራው ወደ ትርሲት ሄደ።

"ስሜ ሲጠራ አታጨብጭቡ" አላት።

"ምነው አንዱዬ፣ ኮራህብን?" ብላ ሳቀች።

እርሱ አልሳቀም። "ይህን ማልያ ከእኔ በፊት ማን ነበር የለበሰው?"

የትርሲት ሳቅ ቆመ። "በቃ፣ ገባኝ። ለእኔ ተወው።"

እሑድ ስም ተጠራ። ለመኩሪያው በልኩ ተጨበጨበ። "ሰባት ቁጥር፣ አንዳርጌ!" ሲባል ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። የሚስል እንኳ አልነበረም። ቆሎ ሻጯ ጥሪዋን ዋጠች። የሚሰማው ባንዲራው ሲውለበለብ ብቻ ነበር። አንዳርጌ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ጸጥታው አላልቅ ሲለው ግን ቀና ብሎ ወደ ክቡር ትሪቡኑ አየ።

ፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ስም ተጠርቶ ስታዲየሙ በጭብጨባ ሲናወጥ ቀና አላሉም። ወደ ጸሐፊያቸው አዘንብለው "ጭብጨባውንስ እኛ እናዛለን፤ ዝም ያሰኛቸው ማን ነው?" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሰባት ቁጥር ማልያ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ታየ። አንዳርጌ የተሻለ ክለብ አገኘ ተባለ። ትርሲት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ከማልያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ስታይ ቆየች።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ልሳኑ እንደ ልማዱ የመጨረሻውን ስም ጠራ። ሕዝቡ ዝም ማለትን ተምሮ ነበር።