የተካልኝ ቤት በሩ የት ነው?

እኔ የምለው፣ ቤት ሠርቶ በሩን መደበቅ ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ሌባ እንዳያገኘው ነው እንዳንል፣ ሌባ ሥራው መፈለግ ስለሆነ ያገኘዋል። የሚቸገረው እንደኔ ያለው ጨዋ እንግዳ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን የማውቀው በር ከግድግዳው ይለያል፣ እጀታ አለው፣ ይንኳኳል፣ «ማነው?» ይባላል፣ ስም ይነገራል። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ይህን የሚያስብለኝ ተካልኝ ነው። አብሮ አደጌ ነው። አባቶቻችን የባቡር ሠራተኞች ነበሩ፤ እኛም ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ካንድ ቧንቧ እየጠጣን አደግን። እኔ ወደብ ገብቼ ትራንዚተር ሆንኩ፤ የሰው ዕቃ ከመርከብ ወርዶ ወደ አገር ቤት እስኪጫን መሯሯጥ ነው እንጀራዬ። እሱ ደግሞ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። ያ መኪና ሌላ መኪና ወለደ። ዛሬ ከጅቡቲ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተካልኝን መኪና ሳያዩ አንድ ሻይ ጠጥቶ መነሣት ይከብዳል።

ታዲያ ገንዘብ ሲበዛ መሬት ያሳክካል መሰለኝ፣ ሐራሙስ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ባሕሩ ዳር ቦታ ገዛና ቤት ላሠራ አለ። ፈረንሳይ አገር የተማረች ሳፊያ የምትባል የዚሁ አገር ልጅ አርክቴክት ቀጠረ። ልጅቷ ሥራዋን የምታውቅ ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነበር አሉ። ተካልኝ ከክሊሙ አላት። ክሊም ማለት እዚህ አየር ማቀዝቀዣው ነው። በሰኔና በሐምሌ እኛ ሌላ ነፋስ አናውቅም። እሷ ግን ታግሣ ነፋሱንም ፀሐዩንም ራሷ አጥንታ ሠራችው።

ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ ያምራል። ነጭ ነው፣ ዝቅ ብሎ ረጅም ነው፣ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ሰፊ ጥላ ይጥላል። በባሕሩ በኩል ያለው ፊቱ ከዳር እስከ ዳር አብረቅራቂ መስተዋት ነው። ችግሩ ሁሉም ነገር ግድግዳ መምሰሉ ነው። በሩ ግድግዳ ይመስላል። ቁም ሣጥኑ ግድግዳ ይመስላል። አንድ የአዲስ አበባ ሹፌር ዕቃ ሊያደርስ ገብቶ ሽንት ቤቱን ቢጠይቅ፣ «እዚያ ጋ ገፋ አድርገው» ተባለ። ገፋ አደረገ። የምግብ ማቀዝቀዣው ተከፈተ። ሌላውን ገፋ አደረገ፣ የወይዘሮ ትዕግሥት ጫማዎች ተደርድረው አገኘ። ትዕግሥት የተካልኝ ሚስት ናት። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ መፈለጉን ትቶ ነዳጅ ማደያ ድረስ በመኪና ሄደ ይባላል። እኔ ራሴ አላየሁም፣ ግን ቤቱን ካየሁ ወዲህ አምናለሁ።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ተካልኝ ሰፈራችን ብቅ ማለቱን ቀነሰ። እኛም ወደሱ መሄዱን ፈራን። እውነቱን ለመናገር እዚያ ቤት በምን ጫማ እንደሚገባ እንኳ አናውቅም። ኮርቷል ተባለ። እኔም ሳልል አልቀረሁም።

በዚህ መሀል ነው እትዬ አሰገደች ያስጠራችኝ። ካርቲየ ሰባት ለሹፌሮች ምግብ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ እንደ እኅቴ የማያት ሴት ናት። አንድ ልጇ ዳዊት ወደብ ክሬን ይነዳል። ዳዊት ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጦ የተካልኝን ልጅ ሜሮንን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ሁለቱ ተስማምተዋል። የቀረው አባት ነው።

አሰገደች ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ አለችኝ። ልጁ እምቢ ከተባለ ጅቡቲን ለቆ ዱባይ እንደሚሄድ ነግሯታል። የሚኖሩት ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባሉ ሁለት የቆርቆሮ ክፍሎች ነው። ከዚያ መስተዋት ቤት የወጣችን ልጅ ወደነዚህ ክፍሎች የሚሰጥ አባት የት ይገኛል? ልጄን ባንድ ቀን የምነጠቅ መሰለኝ አለችኝ። አታስቢ፣ ተካልኝ ወንድሜ ነው አልኳት። አልኩ እንጂ እኔ ራሴ ቁርስ አልበላ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ሆነን ሄድን። አፈ ጉባኤያችን ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ከባቡር ጡረታ የወጡ፣ ሰፈራችን ውስጥ እሳቸው ያላጋቡት ሰው ቢኖር መነኩሴ ነው። ሁለተኛው ሐጂ ሮብሌ ናቸው፤ ካርቲየ አምስት ሱቅ ያላቸው ሶማሌ። ድሬዳዋ ተወልደው ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ለተካልኝ ለመጀመሪያው መኪና ዋስ የሆኑት እሳቸው ናቸውና እሳቸውን ደፍሮ አይመልስም ብለን ነው። መምጣታችንን ለማንም አልተነፈስንም። ሽምግልና ድንገት ነው።

እሑድ ፀሐይዋ በረድ ስትል ደረስን። ዘበኛው ጉንጩን በጫት ወጥሮ የግቢውን በር ከፈተልንና በእጁ ቤቱን በሙሉ አሳየን። ከዚያ ወደ ጫቱ ተመለሰ። እኛም በር ፍለጋ ጀመርን። ከወዲያ ወዲህ ሄድን። ጋሽ ዘለቀ በከዘራቸው ግድግዳውን እንደ ሐብሐብ እየመቱ ያዳምጣሉ። «ቤቶች!» አልን። ደግመን «ቤቶች!» አልን። ባሕሩ ብቻ መለሰልን።

መጨረሻ ላይ መስተዋቱ ጋ ደረስን። መስተዋት ማለት የምር መስተዋት! ከእግር እስከ ራሳችን ቁልጭ ብለን ታየን። ሽማግሌ መስተዋት ካገኘ ምን ያደርጋል? ጋሽ ዘለቀ ክራቫታቸውን አቃኑ፣ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ጎረጎሩ። ሐጂ ሂና የነካውን ጢማቸውን አበጠሩ። እኔ ሆዴን ሳብ አድርጌ፣ ሱሪዬን ከፍ አድርጌ፣ የተከበረ ሰው ፊት ለመሥራት ሞከርኩ። አንዱ አላማረኝም፣ ሌላ ሞከርኩ።

በዚያው ንግግራችንንም እንለማመድ ተባለ። ጋሽ ዘለቀ መስተዋቱ ጥግ ያለውን ግድግዳ ደገፍ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጁ ከቡልጋ ባላባት ወገን እንደሚወለድ፣ አያቱ ግምባር ቀደም ሰው እንደነበሩ ያወርዱት ጀመር።

«ዘለቀ፣ የልጁ አያት የባቡር ከሰል ጫኝ ነበሩ። እኔም አንተም እናውቃቸዋለን» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ይሄ ሽምግልና ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።»

«እኔ የማውቀውን ብናገር አይሻልም? ልጁ ሀብት የለውም። ግን ከወደብ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ እናቱ ምግብ ቤት ገብቶ ድስት ያጥባል። የሹፌሮቹን ድስት። አንቺ ተኚ ይላታል። እናቱን እንዲህ ያሳረፈ ሚስቱን አያሳርፍም? በቃ፣ ይህን ልበለው።»

ጋሽ ዘለቀ ድስት በሽምግልና ላይ ተነሥቶ አያውቅም ብለው ከለከሉ። እኔ ደግሞ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለውጦ ነበርና እንዲህ አልኩ። «ብቻ ይኩራብንና ያየኛል! በክረምቱ ሙቀት ሁላችንም ውጭ ምንጣፍ አንጥፈን ስንተኛ፣ ጢም እስኪያወጣ ድረስ ምንጣፉን የሚያረጥበው ማን እንደነበር ሚስቱ ፊት እናገራለሁ!» ሁለቱም ሽማግሌዎች እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ቀለል አለኝ።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሐጂ ፎጣቸውን አንጥፈው፣ ወደ ባሕሩ ዞረው መስገድ ያዙ። እኛ፣ ጋሽ ዘለቀ ግድግዳውን እንደተደገፉ፣ ቆመን ጠበቅናቸው። መሸት አለ። ያኔ ውስጥ መብራት በራ።

መስተዋቱ ጠፋ። ወይም እኛ ጠፋን ልበል። በኛ ፋንታ ሰፊ ሳሎን መጣ። ፊት ለፊታችን፣ ከዚህች እስከዚያች በምትሆን ርቀት፣ ረጅም ሶፋ ላይ ተካልኝ በሙሉ ልብስ፣ ትዕግሥት በሐበሻ ቀሚስ፣ ልጆቹ ሁሉ በመደዳ ተቀምጠው ያዩናል። ለካ በቀን ለኛ መስተዋት የሆነው ለነሱ መስኮት ነው፤ ሲኒማ የገቡ ነው የሚመስሉት። በወጉ ጓዳ መደበቅ የነበረባት ሜሮን ፊቷን በትራስ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። የትንሿ ልጅ እንባ በሳቅ ወርዷል። ከኋላቸው ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ከዚያ ደግሞ ፈንጠር ብሎ ለብቻው በየመኖች አሠራር የተጠበሰ አንድ ትልቅ ዓሣ ተሸፋፍኖ ተቀምጧል።

ያ ዓሣ የማን ነው? የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይቀላቀል፣ ለሐጂ ነዋ! ድንገት መጥተናል ያልነው ሰዎች፣ ማን ማን እንደምንመጣ ሳይቀር ታውቆ ታስቦልናል። ለካ ዳዊት ለሜሮን ነግሯታል።

ይህን እያሰላሰልኩ ጋሽ ዘለቀ የተደገፉት ግድግዳ ወደ ጎን ተንሸራተተ። በሩ እሱ ነበር። ተካልኝ ተንደርድሮ መጥቶ ባይይዛቸው ወድቀው ነበር።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አለ ተካልኝ። ከንፈሩን ነክሷል።

ሐጂ ሶላታቸውን ጨርሰው ተቀላቀሉን። ገባን። ተቀመጡ ተባልን፤ በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ጋሽ ዘለቀ ከዘራቸውን ተክለው፣ «ከቡልጋ ባላባት ወገን የሚወለድ…» ብለው ጀመሩ። ትንሿ ልጅ በአፍንጫዋ ሳቅ አመለጣት።

ተካልኝ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰምቼዋለሁ።» በሩ አጠገብ ያለች አዝራር የምታክል ጥቁር ነገር አሳየን። ሰው አጠገቧ ሲቆም ራሷ ተከፍታ የውጩን ድምፅ ወደ ሳሎን ታስገባለች።

«ሁሉንም ሰማህ?» አልኩት።

«ምንጣፉንም» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሰገደች ናት የታየችኝ። የሴትዮዋን ልጅ በምላሴ ዱባይ ሰደድኩት! ምን ብዬ ነው ፊቷ የምቆመው?

ተካልኝ ግን ወደ ሐጂ ዞረ። «ድስቱን አውቅ ነበር ሐጂ። ሹፌሮቼ እዚያ ነው የሚበሉት፣ ሁልጊዜ ይነግሩኛል። ዛሬ በወጉ ቀጠሮ ልሰጣችሁ አስቤ ነበር፤ ግን ይህን ሰምቼ ምን ቀጠሮ እሰጣለሁ? ልጄ የናንተው ናት።» ትዕግሥት እልል አለች። ተካልኝ ቀጠለ። «እኔ የምጠይቃችሁ፣ ምነው እስከዛሬ ቆያችሁ? ይህን ቤት ከሠራሁ ሰው የሚመጣልኝ በስልክ ብቻ ነው። ለሰው ብዬ የሠራሁት ሳሎን ባዶውን ያድራል። ልጄንስ ማን ደፍሮ ይጠይቅልኛል እያልኩ በፍርሃት አለቅሁ እኮ!»

«በሩን አጥተውት ይሆናል» አለች ትዕግሥት።

እፎይ ያልኩት መቼም ለታሪክ ነው! ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመ ሰውዬ ተነሥቶ የሄደ መሰለኝ። ሶፋው ላይ ዘፍ ብዬ ለአሰገደች ደወልኩ። እሺ ብሏል አልኳት። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? በላችሁ ወይ አለችኝ።

በላን። እንዴት አድርገን በላን! ሐጂ ዓሣውን አጥንቱን አስቀሩለት። ጋሽ ዘለቀ ሁለተኛውን ክትፎ ሲጀምሩ ተካልኝ ከወንበሩ ተነሣ። አንገቱን ደፋ፣ እጁን አጣመረ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምድር ቤት ያሉት ክፍሎች ባዶ ናቸው አለ፤ ልጆቹ ከተጋቡ በኋላ እዚህ ቢኖሩልኝ፣ አሰገደችም ብትመጣልኝ፣ እባካችሁ ለወንዱ ወገን ለምኑልኝ አለ።

እኔ እሺ ለማለት አፌን ስከፍት ጋሽ ዘለቀ በጠረጴዛው ሥር ረገጡኝ። አፋቸውን በዝግታ ጠረጉ። ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ተካልኝን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህ ባንድ ምሽት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም» አሉ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ካርቲየ ሰባት፣ ደህና ደህና ሽማግሌ ይዘህ ና።»