ወይዘሪት ለምንቆየ

መዘግየትን እንደ ግል ጠላቷ የምታይ ሰው የሌለችበት ቤት የለም። ሊፍቱ ቢቆይ በሩን ትገላምጠዋለች፤ ሰልፍ ላይ ከቆመች ከፊቷ ያለውን ሁሉ በዓይኗ ትገፋለች። የእኛ ቤቷ የልጅ ልጄ ናት። ክብርት ወይዘሪት ለምንቆየ እንላታለን። አፏን የፈታችውም "ለምን ቆየ?" ብላ ይመስለኛል።

አንድ ቀን አጎቷ ሻይ አማረው። ብርጭቆ አምጥቶ ተቀመጠ። ተነሥቶ ስኳር አምጥቶ ተቀመጠ። ለማንኪያው ሲነሣ ክብርትነቷ አልቻለችም።

"ጋሼ፣ ምን ያመላልስሃል? አንዴ አስበህ ሁሉንም በትሪ አትይዝም?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።"

"እግርህ ሲፍታታ ሻይህ ቀዘቀዘ።"

ደግነቱ ለዚህ ዓመሏ ደመወዝ የሚከፍላት ተገኘ። ሥራዋ ዳታቤዝ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ዳታቤዝ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ሁሉ ያስቀመጠበት ጓዳ ነው። እሷ ደግሞ ወደ ጓዳው የተላከው ጥያቄ መልስ ይዞ እስኪመለስ በር ላይ ቆማ የምትነተርክ ናት።

ባለፈው ሰሞን ግን ነገሩ ወደ ራሷ ዞረ። የምትሠራው ዓይኔን የምታከምበት ክሊኒክ ነው፤ ያስገባው አዲስ ፕሮግራምም የእሷ ሥራ ነው። የታካሚዎቹን ስም ስክሪን ላይ ለማውጣት ሲንቀረፈፍ ሰልፉ ደጅ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁም "እስከ ምሳ ካልፈጠነ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን፤ አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ" አሏት።

እኔ ተራ ይዤ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። እሷና ባልደረባዋ ያሉበት ቢሮ በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል።

"ማሽኑ አንሶ ነው፤ ትልቅ ይገዛ" ይላል ባልደረባዋ።

"መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚቆይ እንለካ" ትላለች።

"ይህን የሠራውን ሰው እዚህ አምጥቶ ማሰለፍ ነበር" አሉ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ። ራሴን ነቀነቅሁ። ዝምድናዬን አልተናገርኩም።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሳቋ ተሰማ። "የጋሼ ሻይ ነው እኮ።"

ለካ ፕሮግራሙ የታካሚዎቹን ስም ካመጣ በኋላ የእያንዳንዱ ሐኪም ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንደገና ጓዳ ይመላለሳል። መቶ ሰው ካለ መቶ ጊዜ። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ እንዲያመጣ አደረገችው፤ ትሪ ሰጠችው ማለት ነው። ሲንጠባጠብ የዋለው ስም ግር ብሎ ወጣ፤ ሰልፉም ተላቀቀ። ሴትየዋ እንኳ እፎይ አሉ።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሥራ አስኪያጁ መልእክት ነው።

"እማማ፣ አንቺ አንብቢልኝ። እኔ ፈራሁ።"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያስተማረችኝም እሷ ናት። አንዱን ፊደል ይዤ ሌላው እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ።

"ነ... ገ... ነገም... በ... ሰ... ዓ... ት... ሽ..."

ግን ስልኩን አልነጠቀችኝም፣ ከአፌም አልቀደመችኝም። ያንን ቃሏንም አላወጣችም። ፊደል ስታስቆጥረኝም እንዲሁ ነበረች።

"ግ... ቢ። ነገም በሰዓትሽ ግቢ።"

ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። "ድገሚልኝ፣ እማማ።"

ደገምኩላት። የሁለተኛውን ጊዜ ያዘገየሁት ግን ሆን ብዬ ነው።