ለጋሽ ርእሶም የተነሳ ይቀመጥ

ሰው የሩቁን መንግሥት ለማረም ሲነሳ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ከራሴ ልጀምር። ከኦክላንድ ሳልነቃነቅ፣ ሻዬን ፉት እያልኩ የስንቱን አገር ሕገ መንግሥት እንዳሻሻልኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የዋሽንግተኑን አስተካክዬ ስጨርስ ወደ አዲስ አበባው እሻገራለሁ፤ ጊዜ ከተረፈኝ የአስመራውንም ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ማን ሰማህ አትበሉኝ። የሚሰማኝ ባይኖርም ትክክል ነኝ። ችግሩ የሚመጣው መንግሥቱ ቀረብ ሲል ነው። ሊቀመንበሩ ሠርጋችሁ ላይ የጨፈረ ሰው ሲሆን፣ ስብሰባውም ከቤታችሁ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ሲደረግ፣ ያ ሁሉ እውቀት የት እንደሚገባ እንጃ።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ነው። ጠዋት በኮንግረስ የሚወክለን ሰውዬ ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ አቋሙን ሊያስረዳ ነበር። የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ «ኮሚዩኒቲያችን መታየት አለበት» ብሎ በስልክ ስላጣደፈን ሃያ የምንሆን ሰዎች ሄድን፤ ታየንም። ተወካያችን እጅጌውን ሰብስቦ መድረኩ ላይ ወጣና በአማርኛ «ሰላም ናችሁ» አለ። እኛም ዳዊት የደገመ ያህል አጨበጨብንለት።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። አንደኛው ስለ ጦርነት ነው። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የምክር ቤቱ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም፣ ፕሬዚዳንቱ የእኛም ፓርቲ ይሁን የሌላው ለውጥ የለውም፣ አንድ ሰው ቁርሱን እየበላ የሰው ልጅ ሞት መወሰን የለበትም አለ። «ደግሞ ጦርነት ብለው አይጠሩትም» አለ ጣቱን ቀስሮ፤ «ውስን እርምጃ ይሉታል!» አቶ ደምሴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሁለተኛው መራጩን መታወቂያ ስለሚጠይቁት ሕጎች ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ስንጠይቅ የሚቀሩት አጭበርባሪዎቹ አይደሉም፤ መንዳት ያቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው አለ። ከኋላ አንድ ሰውዬ እጁን አውጥቶ አውሮፕላን ለመሳፈር የሚጠየቅ መታወቂያ አገር ለመምረጥ ሲሆን ምን ነውር አለው ብሎ ጠየቀ። ተወካያችን ረጅም መልስ ሰጠ። መልሱን አላስታውሰውም፣ ማጨብጨቤን ግን አስታውሳለሁ። ለነገሩ ወደ አዳራሹ ስንገባ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የሁላችንንም መታወቂያ አንድ በአንድ ተመልክቶ ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም።

ከሰዓት በኋላ የራሳችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። አጀንዳው ጦርነት ነው። አትሳቁ። የእኛ ማኅበርና የሳን ሆዜው ማኅበር ለብዙ ዓመታት እንደ ወንድማማች ሲረዳዱ ኖረዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ አባል የአባልነት ዘመኑ ተይዞለት ይቀጥላል፣ ለቅሶ ሲሆንም ዕቃ ይዋዋሳሉ። እነሆ ለአንድ ለቅሶ ሦስት ትልልቅ ድስት ወስደው ሁለት መለሱ። ከሁለቱም በአንደኛው ላይ የተገጠመው ክዳን የእኛ አልነበረም። አቶ ደምሴ ማንንም ሳያማክር፣ ቁርሱን ይብላ አይብላ አላውቅም፣ ውሉን የሚያፈርስ ደብዳቤ በኢሜይል ላከላቸው። አንዳንድ አባላት ሲያጉረመርሙ «ይሄ እኮ መጣላት አይደለም፣ ውስን እርምጃ ነው» አለ። ይህንን ያለው ከጠዋቱ ስብሰባ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነው። የቀረው ጉባኤው የተደረገውን እንዲያጸድቅለት ብቻ ነበር።

አቶ ደምሴ ደግሞ የሳን ሆዜ ሰዎች ሾልከው ገብተው ድምፅ እንዳይሰጡ ሰጋ። ስለዚህ መታወቂያ የሌለው ድምፅ አይሰጥም ተባለ። አባላቱ ሰባ አንሞላም፤ እርስ በርስ የማንተዋወቅ ሰዎች ብንሆን ምን አለበት! ግን እኛ ልጅ ክርስትና የተነሳሳን፣ የአንዳችንን የደም ግፊት መድኃኒት ሌላው በስሙ የሚያውቅ ሰዎች ነን። እኔ እንጀራዬ ኤመሪቪል አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ ተቀምጬ መታወቂያ ማየት ስለሆነ፣ ሙያህ ነው ተብዬ በሩ ላይ ተመደብኩ። እንቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እንዲያውም የክርስትና ልጄን አባት «አይዲ» ስለው ደስ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

ጋሽ ርእሶም የመጡት ሁሉም ከገባ በኋላ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት አስመራ፣ ሕግ የተማሩት በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ፣ አማርኛቸው ከሁላችንም የጠራ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው በእጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሳን ሆዜ ያለችው ልጃቸው ሳምራዊት በወሩ ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከተማ የለቀቀ ከእኛ ማኅበር ስለሚወጣ፣ እንግዲህ ውሉ ከፈረሰ ጋሽ ርእሶም እዚያ አዲስ አባል ናቸው። አዲስ አባል ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢሞት ማኅበሩ አይቀብረውም። በሰማንያ አራት ዓመት ሦስት ዓመት! ለዚያች አንድ ድምፅ ነው ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የመጡት።

«እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉኝ።

«እግዜር ይመስገን፣ ጋሽ ርእሶም። መታወቂያ ይዘዋል?»

እንዲህ ስል አፌን ምነው በቆረጠው። ኪሳቸውን ዳብሰው መንጃ ፈቃዳቸውን ሰጡኝ። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

«ኤክስፓየር አድርጓል፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲኤምቪ ዓይንህ አያይም ብሎ አላድስም አለኝ። እኔ መኪና ልነዳ አይደለም የመጣሁት።»

«ያው... የተሰጠን መመሪያ ነው።»

«መመሪያ?» አሉ። «የትኛው አንቀጽ ላይ?»

አንቀጽ የተጠየቀ በር ጠባቂ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ፤ ወንበር ያቀርባል። ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጠዋት በጭብጨባ መዳፌን ያቃጠልኩለት ሽማግሌ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። አፈርኩ። ግን ማፈርና በሩን መክፈት ለየብቻ ናቸው።

ውስጥ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ግማሹ ውሉ ይቅር፣ ግማሹ ለአንድ ድስት ብለን ሬሳ አናጣላም ይላል። ኮሪደሩ ላይ ንፋሱ ሲያይልባቸው አሳዘኑኝና በር ከፍቼ «ድምፅ ባይሰጡም ገብተው ይቀመጡ፣ ይብረድዎት እንዴ» አልኳቸው። ደግ ሥራ መሥራቴ ነበር።

በደንባችን ድምፅ የሚሰጠው በመነሳት ነው። እኔና ጋሽ ርእሶም ደፉን ስንረግጥ አቶ ደምሴ «ውሉ እንዲፈርስ የሚደግፍ ይነሳ!» እያለ ነበር። ገና ሰባት ስምንት ሰው ተነስቶ ነበር። ወዲያው ከበሩ አጠገብ ያሉት ጋሽ ርእሶምን አዩ። «ኖር!» አለ አንዱ። «ኖር! ኖር!» ተባለና አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ወዳጆቼ፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሲገባ እግራችን ከእኛ ጋር አይማከርም።

«በእግዜር! በእግዜር! በሞቴ ተቀመጡ!» አሉ ጋሽ ርእሶም በከዘራቸው እየተደገፉ። ማን ይቀመጣል? ትልቅ ሰው ቆሞ!

አቶ ደምሴ ጣቱን እያወዛወዘ መቁጠር ጀመረ። የተወሰኑት ነገሩ ሲገባቸው «ኧረ እኛ ለጋሽ ርእሶም ነው የተነሳነው!» ብለው ጮኹ። ሊቀመንበራችን አሰበ። ፍትሐዊ ሰው መሆኑን ሊያሳይ ፈለገ መሰለኝ።

«መልካም!» አለ። «ለጋሽ ርእሶም ብቻ የተነሳ ይቀመጥ!»

አንድም ሰው አልተቀመጠም።

ምን ያድርግ? ሽማግሌው እግራቸውን እየጎተቱ በመሐል በመሐል ወደፊት እየሄዱ ነው። በእሳቸው ፊት ቁጭ ብሎ «አከበርኩዎት» የሚል ማን ወንድ አለ? እርስ በርሳችን ተያየን። ቀድሞ የሚቀመጠውን እየጠበቅን ሁላችንም ቆምን። እኔም በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ ተቆጥሬአለሁ። ጋሽ ርእሶም ከፊት ወንበር ላይ ሲደርሱ አቶ ደምሴ ጠረጴዛውን መታ። «በሙሉ ድምፅ!» እሳቸው ተቀመጡ፣ ከዚያ እኛ ተቀመጥን። እንዲያ ባለ አክብሮት ሰውዬውን ቀብር ነሳናቸው።

ጫጫታውማ ነበር። ግን ደንቡ በጉባኤ የተወሰነ ነገር እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ ዳግመኛ አይታይም ይላል፤ የሚቀጥለው ጉባኤ ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው። እውነት እንደዚያ ይላል ወይ ተብለው ጋሽ ርእሶም ተጠየቁ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ደንቡን አንብቦ የጨረሰ የለም።

«ይላል» አሉ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

በወሩ ከሁለት ሻንጣቸው ጋር ወደ ሳን ሆዜ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በበደሌ ልክ ነዳሁ እንበል። መንገዱን ሙሉ ስለ መታወቂያው ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ስለ ትራፊኩ አወራሁ። እሳቸውም ስለ ትራፊኩ መለሱልኝ። ሳምራዊት በር ላይ ተቀብላን ሻይ ካቀረበች በኋላ የአዲስ አባል ቅጽ አምጥታ አባቷ ፊት አስቀመጠች።

«ዳድ፣ ኮል አድርጌላቸው ነበር» አለች። «ቅጹ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ስሪ ይርስ ዌይቲንግ ፒሪየድ አለ ነው የሚሉት። ኖ ኤክሰፕሽን።»

«ግድ የለም» አሉ ጋሽ ርእሶም። «ለዚህ ጉዳይ አልቸኩልም።»

ሳምራዊት ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው የፊርማውን ቦታ በጣታቸው ፈለጉና ብዕሬን ለመኑኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»