የጋሼ ሀብተማርያም እስረኞች

ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ አበሻ ተጋርቶ የሚሳፈርባት መኪና ሁሉ አንድ አዋቂ አያጣትም። አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ ሌላዋ ኢሚግሬሽን አዋቂ ይደርሳታል። ግሮቭፖርት የምንሠራበት መጋዘን ለምታደርሰን ለጃፋር መኪና የደረሷት ክቡር ጋሼ ሀብተማርያም ናቸው፤ የአውስትራሊያ እስረኞች ሊቀ ሊቃውንት።

አውስትራሊያን ረግጠው አያውቁም። ካርቶን ሲያሽጉ በአንድ ጆሯቸው የታሪክ መጽሐፍ ያዳምጣሉ፤ ሌላው ጆሮ እንዳይገጫቸው ለዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ነው። እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እስረኞቻቸውን በመርከብ ጭነው የዓለም ዳርቻ ላይ እንዴት እንዳሰፈሯቸው አብጠርጥረው ያውቃሉ። መንገድ ተዘግቶ ጃፋር ሲማረር፣ «እነሱ እኮ ስምንት ወር ነው የተጓዙት!» ይሉታል። አንድ ቀን ደግሞ ለምሳ የመጣው ፒዛ አልዳረስ ሲል፣ «ረሃብ ሲገባ ለገዥውም ለእስረኛውም እኩል ነበር የሚሰፈረው!» ብለው ከሱፐርቫይዘሩ ሳህን አንድ ቁራሽ አነሡ። አማርኛ የማይሰማው ሱፐርቫይዘር ሶፍት አቀበላቸው።

ሁሉም ሲስቅ እኔ ስልኬን እነካካ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሊዮን ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ገጭቶ አቁስሎ እስር ቤት ነው። ለሰዉ «ዳላስ ገባ» ብያለሁ። ሲፈታ እኛ ጋ ሥራ ላስገባው አስቤ ነበር፤ ግን ጉዱ ቢወጣ ማን አብሮት ይሳፈራል? መኪና እንደሆነ ዳግም አይነዳም።

ጋሼ ግን አይተዉም። «አንዱ እኮ የሐሰት ሰነድ ሠርቶ ነው የታሰረው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሠራላቸው፣ ፍርድ ቤት ሠራላቸው፤ ጊዜው ሲደርስ መልኩን ገንዘባቸው ላይ አተሙት። እስረኛ ብላችሁ አትለፉ!»

«ፎርጀሩን? ገንዘብ ላይ?» ጃፋር እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ሌላ ወሬ የለም?»

«ትንሽ ታገሺኝ ልጄ፣ ዋናው ጋ አልደረስኩም።»

ሊዮን መጋቢት ላይ ተፈታ። ሥራውንም አገኘ። ሥራ ሊጀምር አንድ ቀን ሲቀረው መዋሸት ሰለቸኝና ለጃፋር ደውዬ እየተንተባተብኩ እውነቱን ነገርኩት።

«ሰምሀል፣ አውቃለሁ እኮ» አለኝ። «ጋሼ አምና ከሰው ሰምተው ኮል አድርገው ነግረውኛል፤ ሲፈታ ሳትጭነው እንዳትቀር ብለው። ጠጥቶ የሚነዳ ሰው መኪናዬ ውስጥ እግሩን አያስገባም አልኳቸው። ማግስቱን ነው እነዚያን እስረኞች የጀመሩት።»

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁንማ ከእስረኞቹ ጋር ዓመት ሙሉ አብረን ከርመን… ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ውረዱ። አታርፍዱ።»

በማግስቱ ሊዮን አንገቱን ደፍቶ ገባ። ጋሼ ዞረው፣ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አሉትና መልሰው ወደ ፊት ተቀመጡ። መንገድ ተዘጋ። «ስምንት ወር ነው የተጓዙት» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ታሪክ የለም?» አለ ጃፋር፣ ለምዶበት።

«አለቀ። ሁሉም ተፈተው፣ ቤት ሠርተው፣ ወልደው ከብደዋል። የሰፈር ሰው አይታማም።»

ያን ለታ ከኋላ ሆኜ ሽበታቸውን ሳይ አለቀስኩ። በሳምንቱ ስለ ንብ እርባታ አዲስ መጽሐፍ ጀመሩ። ንግሥቲቱ ላይ ብቻ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ያውሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያውሩ፣ ጆሮዬ የእሳቸው ነው።