የእድራችን ጎመንና የኦቦ ደበላ ስንዴ

ሰውን በክፋት መጉዳት ልፋት አለው። ማሴር አለ፣ መደበቅ አለ፣ ከዚያም እንቅልፍ ማጣት አለ። በደግነት መጉዳት ግን እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ጠዋት ተነስቶ፣ ፊት ታጥቦ፣ «ዛሬስ ሰፈሬን ላሳምር» ብሎ መውጣት ብቻ ይበቃል። «ልትኳል ዓይኗን አጠፋች» የሚለውን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ በሴትዮዋ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

እኔ ሰበታ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። እድራችን ከአስፋልቱ ዳር ያለውን የቆሻሻ መጣያ ጠርጎ አትክልት ተከለ፤ ከተማዋም አረንጓዴ ትሁን፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩም በየሳምንቱ ጧሪ ለሌላቸው አሥራ አንድ ቤቶች ይታደል ተብሎ። ፍጉን የሰጡን፣ ከጉድጓዳቸውም ውሃ ያስቀዱን፣ ማሳቸው ከአትክልታችን ጋር የሚዋሰነው ኦቦ ደበላ ናቸው። ቤተሰባቸው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ያንኑ አንድ ማሳ ስንዴ ነው።

እኛም ውለታ እንመልስ አልን። በማሳቸው ዳር ዳር ጽጌረዳ ተክለን ሳያስቡት ደስ እናሰኛቸው! ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የሒሳብ መምህር ደግሞ መስመር ሲጣመም አይወድም። ችካል ጠረብኩ፣ ከሩቅ እንዲታይ አናቱን ከግቢዬ በር የተረፈ ቀይ ቀለም ቀባሁት፣ እሳቸው ተጂ ገበያ የሄዱ ዕለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሬ ተከልኩት። እንዲያውም ቆሜ አደነቅኩት።

ወሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ኅዳር ነበር፤ የማስተር ፕላኑ ኅዳር። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተብሎ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ገበሬው ስለ መሬቱ ከእንቅልፉ የሚባንንበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ለተቃውሞ ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች የሚለቀስላቸው ወር። በዚያ ወር ቀይ ችካል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሰበታ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሯል።

በማግስቱ ጠዋት የጽጌረዳ ችግኝ በጆንያ ይዤ ስደርስ ማሳው ላይ ደቦ ወጥቷል። ደቦ ያለ ዘፈን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሃያ የሚሆን ሰው ጭጭ ብሎ አረንጓዴ ስንዴ ያጭዳል። ፍሬው ሲጫኑት ገና ወተት ነው። ጆንያው ከእጄ ወደቀ።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ስንዴው ገና አልደረሰም እኮ!»

«ለማን ይድረስ?» አሉ ኦቦ ደበላ ማጨዳቸውን ሳያቆሙ። «ትላንት ለክተውት ሄደዋል። ዶዘር ሲረግጠው ከማይ ከብቶቼ ይብሉት።»

ዝም ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ያልታጨደ ስንዴ ገና ነበረ።

«ኦቦ... ማንም አልለካውም። ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ለአበባ ነው።»

ማጭዱ ሁሉ ቆመ። እኔን አዩ፣ ጆንያውን አዩ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ መሬት ላይ የተኛውን ስንዴያቸውን አዩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመቱኝም በወደድኩ። እሳቸው ግን ነዶው ላይ ቁጭ አሉ።

«ለአበባ?»

«ምነው አንድ ቃል እንኳ ቢጠይቁን...» አልኩ። ጥፋቴን ላካፍላቸው መሞከሬ ለራሴም አሳፈረኝ።

«መምህር፣ ችካል አይቶ የጠየቀና መልስ ያገኘ ገበሬ ታውቃለህ?»

አላውቅም።

ጥር ላይ ዕቅዱ መቅረቱን ሬዲዮ ተናገረ። በዚያው ሳምንት ከስም ዝርዝራችን ግርጌ አሥራ ሁለተኛውን ቤት በገዛ እጄ ጽፌ፣ ጎመኑንም ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ዕቅዱ ቀረ አሉ» አልኳቸው።

«ሰማሁ።» የጎመኑን እስር አገላብጠው አዩት። ከዚያ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለስንት ሳምንት ነው የምታመጣልኝ?» አሉኝ።