የጉዳት አልባው ቡድን ወጌሻ

ታላላቅ ሙያዎች ሁሉ በትምህርት ይጀመራሉ የሚሉ ሰዎች ምንይችልን አያውቁትም። የምንይችል ሙያ የተጀመረው በቱታ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ባለች፣ ስሟን ብንጠራ ክብሩ እንዳይበዛባት ብለን በምንተዋት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከአስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ሲሸኝ የኖረው ይህ ወጣት አንድ ቀን ከጀርባው “ሕክምና” የሚል የተጻፈበት ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ከመስተዋት ፊት ቆመ። መስተዋቱ ውስጥ ባለሙያ አየ። ጽሑፉ ከኋላ ስለሆነ ግን እሱን ለማየት አንገቱን እስኪያመው ተጠማዘዘ። በሙያ ዘመኑ በትክክል የለየው ብቸኛ ሕመም ይኸው የራሱ አንገት ነው።

ቱታውን የሰጡት አጎቱ አቶ አወቀ ናቸው። አቶ አወቀ በከተማዋ ስፖርትን የሚመሩ፣ “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ” የሚለውን ብሂል አጥብቀው የሚጠሉ ሀቀኛ ኃላፊ ናቸው። በመሆኑም የከተማዋ እግር ኳስ ቡድን የወጌሻ ቦታ በግልጽ ውድድር እንዲሞላ አደረጉ። ማስታወቂያው ዓርብ ሠራተኛ ሲወጣ ተለጠፈ፤ ሰኞ ሠራተኛ ሳይገባ ተነቀለ። የተወዳደረው ምንይችል ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳይወጣ ግን ክፉኛ ሰግቷል።

ሥልጠናም አልቀረበትም። አሰልጣኙ የጉልበትን ጅማቶች በሥዕል ሊያሳይ ሲነሳ መብራት ጠፋ። መብራቱ እስኪመጣ ሠልጣኞቹ ስለ ቁርጠኝነት ተወያዩ። መብራቱ ሲመጣ የምስክር ወረቀት መስጫው ሰዓት ደርሶ ነበር። ምንይችል ስለ ጉልበት ያለውን እውቀት ሁሉ የቀሰመው በጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ይዞት የተመለሰው አንድ ጣሳ የሚረጭ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ሲጫኑት “ፍስስ” ይላል፣ ነጭ ጉም ያወጣል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሕክምና ይመስላል።

በመጀመሪያ ጨዋታው አንድ ተጫዋች ወደቀ። ምንይችል ሮጠ። ቀኝ እግሩን ይዞ ለሚጮኸው ሰው ግራ እግሩን ረጨለትና “ተነስ፣ ምንም አልሆንክም” አለው። ሰውየው ተነሳ። ሰዓት ለመግደል ብሎ መውደቁን ከወጌሻው በቀር ሜዳው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ግን ለቀልድም ቢሆን አጨበጨበ። የዚያን ዕለት ምንይችል እራት የበላው እጁን እያከበረ ነው።

እንዲህ ያለ ፈዋሽ የተገኘበት ቡድን ዕቅዱም በዚያው ልክ መሆን ነበረበት። አቶ አወቀ ተጫዋቾቹን ሰብስበው እንዲህ ሲሉ ታሪካዊ ንግግር አደረጉ፦

“ከዚህ አኳያ በተያዘው በጀት ዓመት ጉዳትን ዜሮ ማድረስ የሁላችንም የቤት ሥራ ይሆናል። ጉዳት ከጡንቻ አይመጣም። ጉዳት የአመለካከት ችግር ነው!”

ቁርጭምጭሚቱ የታሰረው ተከላካይ ሳይቀር አጨበጨበ፤ እሱ ተቀምጦ ነው ያጨበጨበው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቡድኑ ውስጥ ያነከሰ አልተገኘም፤ “የተለየ አረማመድ የሚከተል” እንጂ። ያበጠም አልነበረም፤ “በአካል የዳበረ” እንጂ። በዞኑ ያን ያህል ጤነኛ ቡድን አልታየም። የሚያሳዝነው ግማሹ ደረጃ መውጣት አለመቻሉ ብቻ ነበር።

የቡድኑ ዓይን ግን ሀቢብ ነበር። ገበያው አፍ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት የእትዬ ሀዲያ ልጅ ነው። ኳስ ይዞ ሲነሳ የድንች ጆንያ የተሸከመ ሰው እንኳ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ያየዋል። ከባሕር ዳር ተጫዋች ሊመለምሉ የመጡ ሰዎች ከዳንግላ ቡድን ጋር በሚደረገው ጨዋታ ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል። ከጨዋታው በፊት በነበረው ልምምድ፣ ዝናብ ባራሰው ጭቃ ላይ፣ የሀቢብ ጉልበት ተጠማዘዘ።

ምንይችል ዳሰሰው። ጉልበቱ ይፋጃል። ከእጁ ሥር መንቀሳቀስ የሌለበት ነገር ተንቀሳቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ይህን ፍርሃቱን ልናከብርለት ይገባል፤ ከሙያው ሁሉ ለሕክምና የቀረበው እሱ ነበርና። ወደ አጎቱ ቢሮ ሄደ።

“ጋሼ፣ የሀቢብ ጉልበት ደግ አይመስለኝም።”

“ደግ አይመስለኝም ማለት?”

“አብጧል። ሐኪም ቢያየው…”

“ሐኪም! አንተ ታዲያ ማነህ?”

ምንይችል የቱታውን ደረት አየ፤ ጽሑፉ ግን ከኋላ ነበር። ጥያቄው ከባድ ነበር።

“የዞን ሰዎች ነገ ጨዋታውን አይተው ሊገመግሙን ይመጣሉ። ዜሮ ብለን ሪፖርት አድርገናል። የተቀጠርከው ጉዳት ልትፈልግ ነው ልታጠፋ?”

“ላጠፋ ነው ጋሼ።”

“በል አጥፋ!”

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሀዲያ ነጠላ ጫማቸውን ጭቃ እየጎተተው ሜዳው ዳር ድረስ መጡ።

“ምንይችል ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ሀቢብ ደህና ነኝ ይላል፤ ሲቆም ግን ፊቱ ይጠቁርብኛል። ይጫወት ካልክ ይጫወት። አይሆንም ካልከኝ በሩን ቆልፌበት እውላለሁ።”

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ምንይችል ቃሉን ያውቀው ነበር፤ አፉ ላይም ደርሶ ነበር።

“ድንጋጤ ነው እትዬ ሀዲያ። ምንም አልሆነም።”

“አላህ ያክብርህ! አላህ እጅህን ይባርከው!” ብለው መርቀውት ሄዱ። ምርቃቱ ከበደው። የተመረቀ ሰው ምርቃት አይመልስምና ግን ተሸከመው።

ጨዋታው እንደተጀመረ ሀቢብ ወደቀ። ምንይችል ሮጦ ረጨው።

“ተነስ፣ ምንም አልሆንክም።”

“ምንይችል፣ ጉልበቴ ቦታው ላይ የለም።”

“አለ፤ እያየሁት ነው።”

ሀቢብ አመነውና ተነሳ። እንደገና ወደቀ፤ እንደገና ተረጨ፤ እንደገና ተነሳ። ሕዝቡ “ወጌሻው! ወጌሻው!” እያለ ዘፈነ፤ አቶ አወቀም ከክቡር እንግዶቹ መካከል ሆነው በኩራት አንገታቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ሀቢብ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ሲዞር አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ጧ አለ። ዘፈኑ ቆመ። በባጃጅ ጭነው ሲወስዱት እናቱ ከኋላ ጭንቅላቱን ይዘው ነበር። ምንይችልን አላዩትም። እሱ ግን አዩኝ ብሎ ጣሳውን ከጀርባው ደበቀ። ሐኪሞቹ ይሄዳል፣ መሮጥ ግን አይችልም አሉ። የባሕር ዳር ሰዎችም የዳንግላውን በረኛ ይዘው ተመለሱ።

የግምገማው ውጤት ግን አመርቂ ነበር። ሀቢብ “በራሱ ተነሳሽነት ከሜዳ የወጣ” ተብሎ ስለተመዘገበ ዜሮው አልተነካም። ምንይችልም ላስመዘገበው ውጤት የወጌሻዎች አስተባባሪ ሆኖ ተሾመ፤ የሚሽከረከር ወንበርም ተሰጠው። እትዬ ሀዲያ ቢሮው ድረስ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

“ምን አድርጌህ ነው?”

ምንይችል ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረው። ወንበሩ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው።

ሴትዮዋ በየቀኑ በር ላይ እየቆሙ የቢሮውን ገጽታ ስላበላሹ፣ ልጃቸው የምንይችልን የቀድሞ ቦታ እንዲይዝ ተደረገ። ነገሩም “ለወጣቶች የሥራ ዕድል ፈጠራ” ተባለ። ስለዚህ አስተዋይነት አቶ አወቀ ራሳቸውን አመሰገኑ።

ሀቢብ ወጌሻ ሆኖ በተሰለፈበት ጨዋታ አንድ ልጅ እግር ተከላካይ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ሀቢብ እያነከሰ ሜዳውን ሲያቋርጥ ሰው ሳቀ። እንደምንም ደረሰ። ምንም አልረጨም። ጉልበቱን ዳሰሰና ጭቃው ላይ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

“አትነሳ” አለው።

“ተነስ በለው እንጂ!” ብለው አቶ አወቀ ከመቀመጫቸው ጮኹ።

“አትነሳ” አለ ሀቢብ፤ እግሩንም ቃሬዛ እስኪመጣ እንደያዘ ቆየ። ያከመው ሐኪም በጊዜ ደረሳችሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይጫወታል አለ። በዚህ የተነሳ በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያው ጉዳት በይፋ ተመዘገበ። ዜሮው ፈረሰ። አስቸኳይ ስብሰባም ተጠራ።

“ተጫዋቹን ምን አልከው?” አሉ አቶ አወቀ።

“አትነሳ አልኩት።”

“ለምን?”

ሀቢብ ምንይችልን አየው።

“እኔ ተነስቼ አይቼዋለኋ።”

የምንይችል መዳፍ ያንን የሚፋጅ ጉልበት አስታወሰ። አጎቱ ወደ እሱ ዞረው “እስቲ አስተባባሪው፣ ከሙያ አንጻር ምን ትላለህ?” አሉት። ሰው ሁሉ አየው። እውነቱ አሁንም አፉ ላይ ነበር፤ ወንበሩም ከሥሩ ነበር።

“ከሙያ አንጻር ሲታይ” አለ ምንይችል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ሥራውን አያውቀውም። ይነሳ።”

ሁሉም እጁን አወጣ። ሀቢብም ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ እንደታዘዘው ተነሳ።